ልጅ የበላውን ልብ አይረሳም፦ ከአዲስ ዓለም እስከ ዳባት፣ የማዕዳችን ታሪክ



እስኪ አነጋገራችንን ልብ እንበለው። ብዙ ጊዜ ያላየነው ሰው ሰውነቱ ቀንሶ ካገኘነው «ምነው ከሳህ? አመመህ እንዴ?» ብለን እንጨነቃለን። ሞላ ብሎ ካገኘነው ግን «ማሻአላህ፣ ተመችቶሃል!» እንለዋለን። ጉንጩ የተሞላ ሕፃን የእናቱ ኩራት ነው። ልጇ ቀጠን ያለባት እናት ደግሞ «አታበይውም እንዴ?» ትባላለች። በእኛ ዘንድ ውፍረት የጤናና የምቾት ምስክር፣ ክሳት የችግር ምልክት ሆኖ ኖሯል።

ይህ አነጋገር ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ከኋላው ረጅም የረሃብ ታሪክ አለ። ዛሬ ግን ያው አነጋገር የከተማ ልጆቻችንን ልብ እየጎዳ ያለ ነገር እንዳናይ ጋርዶናል። በዚህ ጽሑፍ ከጎንደር ታሪክ ተነስተን፣ በልጅነት የሚበላ ምግብ ከዓመታት በኋላ በልብና በደም ሥር ላይ ምን እንደሚያደርግ እንመለከታለን። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ርስት የሌለው ሰፈር፣ ከገበያ የሚበላ ልጅ

በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ በ1668 ጎንደር ላይ የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ። አባቶቻችን ከቤተ መንግሥቱ ቁልቁል፣ ቀሃ ወንዝ አጠገብ ሰፈሩ። ሰፈሩ እስላም ቤት ተባለ፤ ዛሬ አዲስ ዓለም የምንለው ነው። ርስት የመያዝ መብት በአብዛኛው ስለተነፈጋቸው ኑሯቸውን በንግድና በሽመና መሠረቱ። ከጎንደር እስከ መተማ፣ ከጎንደር እስከ ምጽዋ ሲራራ ነጋዴው የእነርሱ ሰው ነበር።

ይህ ታሪክ ከምግብ ጋር ምን አገናኘው? ብዙ አገናኘው። የገበሬ ልጅ ከአባቱ ጎተራ ይበላል። የነጋዴና የሸማኔ ልጅ ግን የሚበላው ከገበያ ነው። ገበያው ሲጠግብ ይጠግባል፤ እህል ሲወደድ ቀድሞ የሚራበው እሱ ነው። አዲስ ነገር ከውጭ ሲመጣም ቀድሞ የሚቀምሰው እሱ ነው። ይህን ነጥብ ያዙት፤ ኋላ እንመለስበታለን።

የዚያ ዘመን ልጅ ማዕድ ምን ነበረው? በከተማው የጤፍና የማሽላ እንጀራ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ጎመን፣ ሲገኝ ወተትና እርጎ። ወደ ላይ ወደ ዳባትና ደባርቅ ሲወጣ ደግሞ ገብስ ነው፤ ቆሎው፣ በሶው፣ ቂጣው ሁሉ ከገብስ። ዘይቱ ኑግ ነበር። ሥጋ የዒድና የድግስ ነገር ነው። ጣፋጭ ከተባለ ማር ነው፤ እሱም ለዘወትር አይደለም። በሙስሊም ቤት እንግዳ ሲመጣና ድግስ ሲኖር ብርዝ ይቀርባል፣ ልጆችም ከእሱ ይቀምሳሉ። ስኳር ከሩቅ የሚመጣ የሀብታም ሸቀጥ ነበር።

ያን ዘመን ግን እንደ ጀነት አድርገን አንሳለው። ልጆች በፈንጣጣ፣ በኩፍኝ፣ በተቅማጥና በረሃብ ይረግፉ ነበር። የደም ሥር በስብ መዘጋት የማይታወቀው ማዕዱ ቀላል ስለነበር ብቻ አይደለም። ብዙዎች ለዚያ በሽታ እስከሚደርሱበት ዕድሜ አይኖሩም ነበር።

ክፉ ቀን ያስተማረን ትምህርት

በጥር 1888 የማህዲ ጦር ጎንደር ገብቶ ከተማይቱን አቃጠለ። በዚያው ሰሞን በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ የአገሪቱን ከብት ፈጀው፤ ከ10 ከብት 9 ያህሉ እንዳለቀ ይገመታል። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ። ዝናብ ቀረ፣ አንበጣ መጣ። እስከ 1892 የዘለቀውን ያን ጊዜ አያቶቻችን «ክፉ ቀን» ብለው ጠሩት። ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ በ1984 እና በ1985 እኛ «የሰባ ሰባቱ ድርቅ» የምንለው መጣ።

እንዲህ ባለ አገር የደለበ ልጅ ማለት መጪውን ክረምት የሚሻገር ልጅ ማለት ነበር። በነሐሴ፣ ጎተራው ሲራቆት፣ በገላው ላይ ያለው ስብ ስንቁ ነው። ስለዚህ እናቶቻችን «ብላ፣ ጨምር፣ አትተው» ሲሉ አላጠፉም። እውቀታቸው ከዘመናቸው ጋር የተስማማ ነበር። ችግሩ ዘመኑ ተለውጦ ምክሩ ሳይለወጥ መቅረቱ ነው።

ሰውነት መዝገብ ይይዛል

ለመሆኑ ረሃብ ካለፈ በኋላ ሰውነት ያስታውሰዋል? ለዚህ ጥያቄ ትልቁ መልስ የተገኘው ከሩቅ አገር፣ ከአሮጌ መዝገብ ውስጥ ነው። በእንግሊዝ ሃርትፎርድሺር በምትባል አውራጃ ከ1911 ጀምሮ አዋላጆች የሕፃናትን ክብደት ሲወለዱና አንድ ዓመት ሲሞላቸው እየመዘኑ ይጽፉ ነበር። ዶክተር ዴቪድ ባርከርና ባልደረቦቹ ያን መዝገብ አግኝተው በ1911 እና በ1930 መካከል የተወለዱ 5,654 ወንዶችን ተከታተሉ። ውጤቱን በ1989 አሳተሙ። አንድ ዓመት ሲሞላቸው ክብደታቸው ከሁሉም ያነሰው፣ በጎልማሳነታቸው በልብ በሽታ ከሁሉም በላይ የሞቱት ሆነው ተገኙ።

ሱብሃነላህ! ስልሳ ዓመት የሞላው ሰው ልብ የአንድ ዓመት ሕፃን ሳለ የሆነውን ይዞ ቆይቷል።

ምክንያቱ ሲብራራ እንዲህ ነው። በማህፀንም ሆነ በጨቅላነት ምግብ ያነሰው ልጅ ሰውነቱ ይቆጥባል። ለአንጎሉ ያስቀድምና ከኩላሊቱ፣ ስኳር የሚቆጣጠረውን ኢንሱሊን ከሚያመነጨው ከቆሽቱና ከጡንቻው ይቀንሳል። በአጭሩ ለችጋር ዘመን የተዘጋጀ ሰውነት ይሠራል። ያ ልጅ አድጎ በችጋር ቢኖር ሰውነቱ ከኑሮው ጋር ይስማማል። በድንገት ስኳርና ዘይት ወደበዛበት ኑሮ ቢገባ ግን ትንሹ ቆሽት አይችለውም፤ ስኳር ደም ውስጥ ይቀራል፣ ግፊት ይጨምራል፣ ስብ በወገብ ዙሪያ ይከማቻል። በእኛም አገር ተመራማሪዎች በሰሜን ወሎ ራያ ቆቦ ያንን የ1980ዎቹን ረሃብ በእናታቸው ሆድ ሳሉ ያገኛቸውን ሰዎች ከሌሎች ጋር አነጻጽረው፣ የስኳር፣ የግፊትና የወገብ ስብ ችግር ተደራርቦ የመገኘት ዕድሉ በእነሱ ላይ ከፍ ብሎ አግኝተዋል።

ሁለተኛው ማስረጃ ከጥጋብ ወገን ነው። በኮሪያ ጦርነት የሞቱ 300 የአሜሪካ ወታደሮች አስከሬን ተመርምሮ ውጤቱ በ1953 ሲታተም ሐኪሞችን አስደነገጠ። አማካይ ዕድሜያቸው 22 ነበር፤ ከ100 77ቱ ግን በልባቸው የደም ቧንቧ ላይ የበሽታ ምልክት ነበረባቸው። እነዚህ ጤነኛ ተብለው ለጦርነት የተመረጡ ወጣቶች ነበሩ። በ1973 ደግሞ በሉዊዚያና ግዛት ቦጋሉሳ በምትባል ከተማ ልጆችን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ የሚከታተል ጥናት ተጀመረ። የደም ቧንቧ በስብ መለሰን የሚጀምረው በልጅነት እንደሆነ፣ ወፍራም ልጅም አብዛኛውን ጊዜ ወፍራም ጎልማሳ እንደሚሆን ያ ጥናት አረጋገጠ። የልብ ድካም በ50 ዓመት የሚመጣ እንግዳ ይመስለናል እንጂ ቤታችን የገባው ገና ትምህርት ቤት ሳለን ነው።

የጎረቤቶቻችን ታሪክ

የጎንደርን ልጅ ከችጋር ወደ ጥጋብ በአንድ ጀምበር ብንወስደው ምን ይሆናል? ይህ በእውን የሆነ ነገር ነው።

ቤተ እስራኤሎች ከጎንደር ወጣ ብሎ በወለቃ፣ በአምቦበርና በሌሎች መንደሮች የኖሩ ጎረቤቶቻችን ናቸው። እነሱም እንደኛ ርስት የተነፈጉ፣ በሸማ፣ በብረትና በሸክላ ሥራ የሚኖሩ ነበሩ። በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ 8,000 ያህሉ በሱዳን በኩል በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ፤ ብዙዎች እስከ ሱዳን በእግራቸው ሲጓዙ መንገድ ላይ አልቀዋል። በግንቦት 1991 ደግሞ ከ14,000 በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ ተጓዙ።

ሲደርሱ የመረመሯቸው ሐኪሞች ቀጫጭን ሆነው አገኟቸው፤ ስኳርና ደም ግፊት በመካከላቸው ብርቅ ነበር። ዓመታት ሲያልፉ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ነጭ ዳቦ፣ ለስላሳ መጠጥና ጣፋጭ የዕለት ምግብ ሆነ። ተራራ ወጥቶ ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም ቀረ። ስኳር በሽታ በመካከላቸው ከሌላው የአገሩ ነዋሪ በልጦ ተገኘ፤ የሚይዛቸውም ገና በወጣትነት፣ ሰውነታቸው ብዙም ሳይወፍር ነው።

ይህን የምናነሳው በማንም ላይ ለመፍረድ አይደለም። እነሱ እኛው ነን። ውኃው አንድ፣ አፈሩ አንድ፣ እህሉ አንድ ነበር። በዚያ አጭር ጊዜ ዘራቸው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ማዕዳቸውና ውሏቸው ነው። እነሱ በአውሮፕላን በሰዓታት የተሻገሩትን መንገድ፣ የጎንደር ከተማ ልጅ ከቤቱ ሳይወጣ በሃያና በሠላሳ ዓመት እየተሻገረው ነው።

በ1954 የተከፈቱ ሁለት በሮች

በ1953 ደምቢያ ላይ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሰው ጨረሰ። ያ መቅሰፍት ካነሳሳቸው ሥራዎች አንዱ በ1954 ጎንደር ላይ የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነው፤ የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከዚያ የበቀለ ነው። በዚያው በ1954 ወንጂ ላይ የአገሪቱ የመጀመሪያው ስኳር ፋብሪካ ማምረት ጀመረ። ኮካ ኮላ በ1959 ተከተለ። ጎንደርም ከጊዜ በኋላ የራሷን የለስላሳ ፋብሪካ አገኘች። አንዱ በር ሐኪም አመጣልን፤ ሌላው ደግሞ ሐኪሙ ዛሬ የሚታገለውን በሽታ ከሩቅ ይዞ መጣ። ያኔ ግን ማንም አላወቀም።

የጎንደር ሐኪሞች ለብዙ ዘመን ያዩት የልብ በሽታ ሌላ ነበር። ልጅ ቶንሲል ይታመማል፣ በወቅቱ አይታከምም፣ ከዓመታት በኋላ የልቡ በር ተበላሽቶ ይመጣል። የድህነትና የተፋፈገ ቤት በሽታ ነው፤ ዛሬም አልጠፋም። ስኳር በሽታም እንዲሁ በገጠሩ ሌላ መልክ ነበረው። ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው ነርሶችን እያሠለጠኑ ሕክምናውን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች አወረዱት። በ2009 ባሳተሙት ጥናትም በገጠር ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ታማሚዎች በብዛት ቀጫጭን፣ ድሃ፣ ወጣት ገበሬዎች መሆናቸውን አሳዩ። በልጅነት የደረሰ የምግብ እጥረት ከዚህ በሽታ ጀርባ ሳይኖር እንደማይቀር ጠቆሙ። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ዓይነት ስኳር በ1985 መዝግቦት ነበር፤ በ1999 ከዝርዝሩ አወጣው። በ2025 ደግሞ ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን «አምስተኛው ዓይነት» ብሎ እውቅና ሰጠው። የጎንደር ገበሬ ሕመም በዓለም መድረክ ስም እስኪያገኝ ይህን ያህል ቆየ።

ከተማና ገጠርን ያነጻጸረ ሌላ ጥናትም አለ። ዕድሜያቸው 35 እና ከዚያ በላይ ከሆኑ ሰዎች መካከል ስኳር የተገኘባቸው በጎንደር ከተማ ከ100 5 ሲሆኑ፣ በዳባት ገጠር ግን 2 ብቻ ነበሩ። በሌላ ጥናት በጎንደር ከተማ በዚያው የዕድሜ ክልል ካሉ ሰዎች ከ100 28ቱ የደም ግፊት ተገኝቶባቸዋል። ብዙዎቹ እስኪመረመሩ ድረስ በሽታው እንዳለባቸው አያውቁም።

ዛሬ በትምህርት ቤት በር ላይ

አሁን ወደ ያዝነው ነጥብ እንመለስ፤ ከገበያ የሚበላው ልጅ ቀድሞ ይቀምሳል ብለን ነበር። ዛሬ የከተማ ልጅ ሁሉ ከገበያ የሚበላ ልጅ ነው። ጠዋት ብስኩት በስኳር ሻይ፣ በረፍት ሰዓት ቺፕስና ከረሜላ፣ ከሰዓት ቦምቦሊኖ ወይ ፓስቲ፣ እንግዳ ሲመጣ ለስላሳ። ከመተማና ከሁመራ በኩል ሰሊጣችን ወደ ውጭ ይወጣል፤ ኩሽናችን ደግሞ ከውጭ በሚመጣ፣ ሲበርድ በሚረጋ ፓልም ዘይት ይሞላል።

ሒሳቡን እንየው። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ 300 ሚሊ ሊትር ሲሆን 30 ግራም ያህል ስኳር ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ25 ግራም ባይበልጥ ይመረጣል ይላል፤ ይህም 6 የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። ለልጅ ከዚህም ያንሳል። አንዷ ጠርሙስ የቀኑን ድርሻ ጨርሳ ትርፍ ታስቀራለች። የሻዩ፣ የብስኩቱና የከረሜላው ገና አልተቆጠረም።

ሌላው ጉድ ደግሞ ይህ ነው። በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ ልጆች ከ100 46ቱ ቁመታቸው ለዕድሜያቸው የቀነጨረ ነበር። ከአገሪቱ ከፍተኛው ቁጥር ነው። እነዚህ ልጆች ዛሬ ወደ ከተማ እየገቡ፣ እያደጉ፣ እየነገዱ ነው። በባርከር መዝገብ ያየነው ትንሽ ሕፃን ማለት እነሱ ናቸው። ለችጋር የተሠራን ሰውነት በለስላሳና በጥብስ ስናጠግበው የምንጠራው በሽታ ምን እንደሆነ የጎረቤቶቻችን ታሪክ ነግሮናል። ስለዚህ ከሲታውን ልጅ በስኳር ማወፈር ጉዳቱን አይክሰውም፤ ይደርብበታል። የሚክሰው እንቁላል፣ ወተት፣ ባቄላ፣ ምስር፣ አትክልት ነው።

ከማዕዱ አጠገብ የተቀመጠው ልጅ

ዑመር ኢብኑ አቢ ሰለማ (ረ.ዐ) በነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት ያደገ ልጅ ነው፤ እናቱ ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ናት። ልጅ ነውና ሲበላ እጁ በሳህኑ ላይ ወዲያና ወዲህ ይል ነበር። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) አልተቆጡትም። የአላህን ስም እንዲጠራ፣ በቀኙ እንዲበላና ከፊቱ ካለው እንዲያነሳ በርጋታ አስተማሩት። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት በዚህ ሐዲስ ውስጥ የሚያስደንቀው የልጁ የኋላ ምስክርነት ነው፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ አበላሉ እንደዚያው ሆኖ መቅረቱን ራሱ ተናግሯል። በልጅነት ማዕድ ላይ የተተከለ ልማድ ዕድሜ ልክ እንደሚዘልቅ ከዚህ የበለጠ ምን ማሳያ አለ?

ሆድን ለምግብ፣ ለውኃና ለትንፋሽ በሦስት የመክፈሉንም ትምህርት ሁላችንም እናውቀዋለን። በኹጥባ እንሰማዋለን፤ ኢፍጣር ላይ ሳምቡሳው ሲደረደር ግን እንረሳዋለን። ቁርኣን ለእናቶች ያመለከተው የሁለት ዓመት ማጥባት ደግሞ ሐኪሞች ዛሬ ለልጅ የወደፊት ጤና መሠረት ነው የሚሉት ነው።

እንግዲህ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ለወጣቶች የተጻፈበት ምክንያት አለው። የታናሾቻችሁን ኪስ የምትሞሉት እናንተ ናችሁ። መድረሳ ላይ ሱራ በቃሉ ለያዘ ልጅ ከረሜላ የምትሸልሙት እናንተ ናችሁ፤ እስኪ ተምር፣ ደብተር ወይም ኳስ ይሁን። ነገ ኢንሻአላህ አባትና እናት የምትሆኑትም እናንተ ናችሁ። የሻዩን ስኳር በየወሩ በግማሽ ማንኪያ ቀንሱ፤ ምላስ ይለምዳል። የለስላሳው ገንዘብ እንቁላል ይግዛ። ውኃ በማዕዱ ላይ ይቅረብ። ሽሮውን፣ ባቄላውን፣ ቆሎውን የድሃ ምግብ ብላችሁ አትናቁት። ልጁ ጠገብኩ ሲል እመኑት፤ «ጨርስ!» እያላችሁ ሆዱ የሚነግረውን እንዳይሰማ አታድርጉት። በእግሩ ይሂድ፣ ይሩጥ፣ ይጫወት። ወላጆቻችሁን ደግሞ ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ ግፊትና ስኳራቸውን አስለኩ።

እናቶቻችሁንም በዚህ ጉዳይ አትውቀሱ። «ብላ» የምትለዋ እናት ከክፉ ቀን የተረፉ ሰዎች ልጅ ናት። ፍቅሯ ትክክል ነው። መልኩን እንዲቀይር በትህትና ማገዝ የእናንተ ድርሻ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ!

አላህ ማዕዳችንን በረካ ያድርግልን፤ የተራበውን ያጥግብልን፤ የጠገበውን ልክ ያሳውቅልን፤ ልጆቻችንን በጤናና በኢማን ያሳድግልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።